የኦርኪድ ቅርጫ

ቅዳሜ ጥር 17 ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በሶዶ ከተማ በእኛ ሰፈር፣ የእትዬ ታደለች ኦርኪድ ቅጠል ላይ ቢጫ ሰረዝ ታየ። የሞተ ሰው የለም። የወደመ ንብረት የለም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ወግ አልጽፈውም ነበር። ብዙ ዘመን በዘጋቢነት የኖርኩ ሰው ነኝ። ጎርፍ ዘግቤአለሁ፤ የገበያ ቃጠሎ ዘግቤአለሁ፤ ግማሽ ቀን የፈጀ ንግግር ተከታትዬ ምን ተባለ ስባል በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረድቻለሁ። በቀላሉ አልደነግጥም። በአበባ ስደነግጥ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ አበባውም የእኔ አልነበረም።

ኦርኪድን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገረው። ብዙዎቹ አፈር አይፈልጉም። ዛፍ ላይ ተጣብቀው፣ ከነፋስና ከዝናብ የሚደርሳቸውን እየቃረሙ ይኖራሉ። ከዛፉ የሚወስዱት ማረፊያ ብቻ ነው። የቤት ኪራይ የማይከፍል ግን ግድግዳ የማያቆሽሽ ተከራይ ማለት ናቸው።

እትዬ ታደለች ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። የሰፈራችን ግማሽ ሰው ማባዛት የተማረው ከእሳቸው ነው። ወጣት ሳሉ መጀመሪያ የተመደቡት በቤሌ አካባቢ ነበር። እዚያ ለመንገድ ማስፊያ አንድ ትልቅ ዛፍ ሲቆረጥ፣ ከወደቀው ቅርንጫፍ ላይ ይህችን ተክል ከነቅርፊቷ ላጡና በነጠላቸው ጠቅልለው በአውቶቡስ አመጧት። አበባዋ የጥፍር ያህል ነው፤ ቢጫ ነው፤ ካላሳዩህ አታየውም። ዛፉ ዛሬ የለም። በቦታው ላይ መንገድ አለ።

እንግዲህ ሰረዙ የታየው እሷ ላይ ነው። እኔ ስደርስ ጎረቤቶች ቀድመውኝ በረንዳውን ሞልተውታል።

«ፀሐይ ነው» አለ ሀብቴ። ሀብቴ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ የቀሩ፣ እሱ ደግሞ በወላይትኛ ከእኛ አስበልጦ የሚቀልድ ሰው። «ሱቄ በር ላይ የሰቀልኩት ቆርቆሮ እንኳን ቀለሙን ለቋል። ቅጠል ምን ያድርግ?»

«የለም፣ ውኃ በዝቶባት ነው» አለ ወንጌላዊ ማቴዎስ። «አበባዋ ታሟል።» በሰፈራችን አማርኛ አበባ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሴትም ወንድም ሊሆን ይችላል፤ ማንም ቅር አይለውም።

ግብርና ለተማረ አንድ ወዳጄ ፎቶ ላክሁለት። ፈንገስም፣ የማዳበሪያ እጥረትም፣ ቫይረስም ሊሆን ይችላል ብሎ መለሰ። በመጨረሻም «በርቱ» የሚል ጨመረበት።

እትዬ ታደለች ይህን ሁሉ መነጽራቸውን እየወለወሉ ሰሙ።

«አንተ ጋዜጠኛ» አሉኝ፤ «ግምት ከሆነ እኔም አለኝ። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ታማለች ወይስ አልታመመችም?»

«ታማ ከሆነስ ምን ያደርጋሉ እትዬ?»

«መጀመሪያ እውነቱን አምጣልኝ።»

እንዲህ ያለ ትእዛዝ ለዘጋቢ ከሹመት ይበልጣል። እኔም ተሾምኩ።

ከዚያ የሆነውን በቅደም ተከተል ልናገር። በአገራችን የታመመ ይጠየቃል። የእትዬ ታደለች ኦርኪድ መታመሟ ከተሰማ በኋላ ሰው በየተራ ይመጣ ጀመር። «ሳሮ፣ ሳሮ» እየተባባለ በሰላምታ ይገባል፤ ይቀመጣል፤ ያዝናል። አንዷ ብርቱካን ይዛ መጣች። ብርቱካኑ ለማን እንደሆነ አልገለጸችም። መጥቶ ዝም ብሎ የሚሄድ ግን የለም፤ የሕፃን ግንባር እንደሚዳሰስ ሁሉ ቅጠሏን ይዳስሳል። አንድ አዛውንት በመዳፋቸው ጀርባ ነክተው ጥቂት አሰቡና «ትኩሳት የላትም» ብለው አረጋገጡልን። ከዚያ ሁሉም ቤቱ ገብቶ የራሱን ይዳስሳል። የራሱን ስል፣ ባለፈው ጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ተክሉን ተካፍለን ስለነበር ቁራጩ ያልገባበት ቤት አልነበረም። ስለ አከፋፈላችን እመለስበታለሁ። ባልመለስበት እወድ ነበር።

እኔ በበኩሌ መረጃ ማሰባሰብ ጀመርኩ። ከእትዬ ታደለች ተክል አንድ ቅጠል ጫፉን ቆረጥኩና ፖስታ ውስጥ ከትቼ ስማቸውን ጻፍኩበት። ቀጥሎ ወደ ሀብቴ ቤት፤ ቆረጥኩ፤ ከተትኩ፤ ጻፍኩ። ቀጥሎ ወደ ሌላው። በየቤቱ ያለውን ሁሉ አዳረስኩ። የምቆርጠው ከቁልፌ ጋር በተንጠለጠለች ጥፍር መቁረጫ ነበር፤ ሥራዋን አሳምራ ሠራች። ያልደረስኩበት የወንጌላዊ ማቴዎስ ድርሻ ብቻ ነው። እሱ የሚኖርበት ክፍል በረንዳ ስለሌለው ቁራጩን ገሱባ ላለች እህቱ ሰጥቷል። ለገሱባም ተሳፍሬ ነበር። ሚኒባሱ ግን መንገድ ላይ ቆመ፤ ሾፌሩ ከሥሩ ገባ፤ ጭንቅላቱ ሳይወጣ ድምፁ ብቻ «ትንሽ ታገሡ» ይለናል። ከታገሥኩ በኋላ በመጣው ባጃጅ ወደ ሶዶ ተመለስኩ። አንድ ናሙና ስላመለጠኝ ከልቤ ተናደድኩ። ሥራን ከዳር ሳላደርስ መቅረት አልወድም።

እትዬ ታደለች ካስተማሯቸው ልጆች አንዷ ምሕረት ትባላለች። ዛሬ ዶክተር ናት፤ አዲስ አበባ በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትመረምረው የተክል በሽታ ነው። ደወልንላት። ሁሉም እንዲሰማ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግሁት። ይህም ስህተት ነበር።

«በዓይን አይታወቅም ጋሼ» አለችኝ። «ቫይረስ ያለባት ኦርኪድ ቅጠሏ ንጹሕ ሆኖ ለዓመታት ልትኖር ትችላለች። ሰረዝ የወጣባት ደግሞ ጤነኛ ልትሆን ትችላለች። መመርመር አለባት።»

«መድኃኒቱስ?»

«የለውም። ቫይረስ የያዘው ኦርኪድ አይድንም። በምርመራ ከተረጋገጠ፣ ሌሎቹን እንዳይበክል ማቃጠል ነው።»

እትዬ ታደለች መነጽራቸውን አደረጉ።

«ናሙና እኮ ሰብስቤአለሁ» አልኩ፤ የምሥራች የምነግራት መስሎኝ። «ከየቤቱ። በየስማቸው።»

«ጎሽ! በምን ቆረጧቸው?»

«በጥፍር መቁረጫ።»

«ለእያንዳንዱ ሌላ?»

በዚህ ሙያ ስኖር እኔ ነበርኩ ሰውን እንዲህ ያለ ጥያቄ እየጠየቅሁ ዝም የማሰኘው።

«ጋሼ? ስልኩ ተቋረጠ?»

«የለም፣ አለሁ።»

«በአንዱ ብቻ ከሆነ፣ ከታመመው ወደ ጤነኛው አሻግረውት ሊሆን ይችላል። የኦርኪድ ቫይረስ በብዛት የሚተላለፈው በመቁረጫ ስለት ነው። ተክሎቹ ከዚያ በፊትስ ተቆርጠው ያውቃሉ?»

በረንዳው ላይ የነበረው ሰው በሙሉ፣ ብርቱካን ያመጣችው ጭምር፣ ወደ እኔ ዞረ።

አሁን ስለ አከፋፈላችን ልናገር። ለጊፋታ በዓል ሰፈርተኛው በሬ ይገዛል፤ ቅርጫ ይገባል። በሬው ታርዶ ሲበለት መደብ በመደብ የሚደለድለው እኔ ነኝ። ለዚህ የተመረጥኩት ጋዜጠኛ ስለሆንኩ አላዳላም ተብሎ ነው። ይህ እምነት ከሰፈራችን ውጭ ብዙ ደጋፊ እንደሌለው አውቃለሁ፤ እኔን ግን አኩርቶኛል። ባለፈው ጊፋታ ሥጋው ባለቀ ማግስት፣ ሀብቴ ከአዲስ አበባ የአበባ ትርዒት ያመጣት ትልቋ ሮዝ ኦርኪድ ማሰሮዋን ሞልታ ልትሰነጥቀው ደረሰች። «ለምን አንካፈላትም?» አለ። እትዬ ታደለችም «የእኔም ተንሰራፍታለች፤ አብራችሁ ክፈሏት» አሉ። ቢላዋው ገና ከእጄ አልተለየም ነበር። አጥቤዋለሁ፤ ይህ የተረጋገጠ ነው።

በቅርጫ ደንብ ሄድን። ለዕድሜ ቅድሚያ ሰጥቼ ከእትዬ ታደለች ተክል ጀመርኩ፤ ቀጥሎ የሀብቴን። ቁራጮቹን በተርታ በእንሰት ቅጠል ላይ ደረደርኩ። ከዚያ ማመጣጠን መጣ። «ይቺ አንሳለች» ሲሉኝ ከዚያኛዋ ወይም ተመልሼ ከእናት ተክሎቹ ቆርጬ እጨምራለሁ፤ «አሁን ደግሞ ያቺ አነሰች» ሲሉኝ ከዚችኛዋ እቀንሳለሁ። አንዱ ሥር ብቻ ደረሰኝ ይላል፤ ሌላው አጥንት በዛበት ይላል። ማንም ሳይቀየም ዕጣ ተጣለ፤ ቁልፍም፣ ክዳንም፣ የስልክ ካርድም በየመደቡ ላይ ተቀመጠ። እንዲያ ያለ ፍትሐዊ ክፍፍል በሕይወቴ አላደረግሁም። በሽታ ከነበረ፣ እሱንም ሳላዳላ አካፍያለሁ።

ይህን ለምሕረት እንደነገርኳት፣ እትዬ ታደለች ቀስ ብለው ተናገሩ።

«እናቴ የታመመ ኡታ የነካ ቢላዋ እሳት ላይ ሳታሳልፍ ወደ ሌላው አታስጠጋም ነበር።»

ኡታ እዚህ እንሰት ነው። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወላይታ ያደገ ሰው እንሰት አጠውልግ የሚባለው በሽታ በስለት ከጓሮ ጓሮ እንደሚሄድ ሳይሰማ አያድግም። እኔ ራሴ ስለዚሁ ጉዳይ አርሶ አደሮችን እያነጋገርኩ፣ ጥንቃቄ እንዲደረግ በድምፄ አሳስቤአለሁ። ያወቅነውን አጥተን አይደለም። ኦርኪዷን እንደ እንሰት አላየናትም እንጂ። እንደ በሬ አየናት። የታረደ በሬ ደግሞ ከቢላዋ በሽታ አይፈራም።

ብዙ ጊዜ ይህን አስባለሁ። ሰው የሚሳሳተው ባለማወቁ ነው እንላለን። እኔ በዘገባ ሥራዬ ያየሁት ግን አብዛኛው ጥፋት እውቀቱ እያለ የሚደርስ ነው፤ እውቀቱ ሌላ ጓዳ ተቀምጦ፣ ሰውየው ሌላ ጓዳ ውስጥ ነው።

ምሕረት በየካቲት ወንድሟን ልትድር መጣች። በቦርሳዋ ውስጥ ከሠርግ ልብሷ ጋር ስትሪፕ የሚሉትን ቀጭን የመመርመሪያ ወረቀት ይዛለች። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ከቅጠሉ ትንሽ በአዲስ ምላጭ ይቆረጣል፤ ፈሳሽ ያለባት ከረጢት ውስጥ ገብቶ ይታሻል፤ ስትሪፑ ይነከርበታል። አንድ መስመር ከወጣ ምርመራው ሠርቷል፣ ቫይረሱ አልተገኘም ማለት ነው። ሁለት መስመር ከወጣ ተገኝቷል።

ችግሩ ስትሪፑ ለሁሉም አይደርስም።

«ዕጣ እንጣል» አለ ሀብቴ።

«ዕጣ በቃችሁ!» አለች ምሕረት እየሳቀች። «የእትዬ ታደለችና የጋሽ ሀብቴ እናት ተክሎች ለየብቻ ይመረመራሉ። የጎረቤቶቹን ቅጠል ደግሞ አንድ ላይ ፈጭቼ በአንድ ስትሪፕ አያለሁ። ካልተገኘ ሁሉም ነፃ ናቸው፤ ከተገኘ ግን ሁሉም ይቃጠላሉ።»

«አንድ ላይ?» አለች ብርቱካን ያመጣችው ጎረቤት። «የእኔ ጤነኛ አበባ ከማን ጋር ነው የምትፈጨው?»

«ከሁሉም ጋር እማማ።»

«ከሁሉም ጋር ከሆነ እስማማለሁ። ከአንዳንዱ ጋር ብቻ ቢሆን ግን አልስማማም ነበር።» የትኛውን «አንዳንድ» ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሁለት ሰዎች ግን ቀና ብለው አዩዋት።

የሀብቴ ተክል መጀመሪያ ገባች። ልብ በሉ፣ እሷ ላይ አንድም ሰረዝ የለም። ቅጠሏ በቅባት የታሸ ይመስል ያበራል። ሀብቴም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ልጁ ፈተና ላይ እንደተቀመጠ አባት ይንጎራደዳል። ስትሪፑ እርጥበቱን ሳበ። አንድ መስመር። ቆይቶ ሌላ መስመር።

«እልልልል!»

እልልታው የሀብቴ ሚስት የወይዘሮ አስቴር ነው። ሁለት ሴቶችም ተቀበሏት። ከዚያ እልልታው መሐል ላይ ሰው እንደያዘው ቆመ።

«አስቴር፣ ምን ተገኘና ነው?» አለ ሀብቴ።

«ምን ላድርግ!» አለች አፏን በእጇ ይዛ። «ልጃችን አርግዛ ባለፈው እንዲህ ያለውን ስታሳየኝ እልል ነው ያልኩት! ሁለት መስመር ሳይ አፌ ቀደመኝ!»

ተሳቀ። ምሕረት እንኳን ሳቀች። ሀብቴ ግን አልሳቀም። የማሰሮውን ጠርዝ ይዞ ተቀመጠ።

«ጤነኛ ነበር የምትመስለው እኮ» አለ። «በሽታውን ይዤ የመጣሁት እኔ ነኛ?»

«አንተ አበባ ነው ያመጣኸው» አሉት እትዬ ታደለች። «ቀጥዪ ምሕረት።»

የጎረቤቶቹ ድብልቅ ሁለት መስመር ሆነ። በዚህኛው እልል ያለ የለም። ከዚያ የእትዬ ታደለች ተራ ደረሰ። የመጀመሪያው መስመር ጎልቶ ወጣ። ሁለተኛው ቆየ፤ ሁላችንም እንዳይመጣ ተመኘን፤ ከዚያ እንደ እርሳስ ጭረት ደብዝዞ ታየ።

«በጣም ደብዛዛ ነው» አለ ወንጌላዊ ማቴዎስ። «ይሄ መስመር ነው ለማለት…»

«ደብዛዛውም መስመር ነው» አለች ምሕረት፤ ዓይኗን ከመምህርቷ አሽሽታ።

እትዬ ታደለች ስትሪፑን ወደ ብርሃን ያዙት። የተማሪ ደብተር እንደሚያርሙ ሁሉ ቀረብ ራቅ አደረጉት።

«ሁለት ነው» አሉ።

ከግቢው ጥግ እሳት ተነደደ። ኦርኪድ ግንዷ ውኃ ስለሚይዝ ቶሎ አትነድም፤ ታንሾካሹካለች። ሀብቴ ከሱቁ የሚስማር ካርቶን አምጥቶ አቀጣጠለና «እኔ ልቅደም» ብሎ የራሱን ሮዝ ተክል ወረወረ። ጎረቤቶችም የየድርሻቸውን አመጡ። ብርቱካን ያመጣችው የራሷን ስታስገባ «ይቅር በይኝ» ስትላት ሰማሁ። እኔም የደረሰኝን ጣልኩ። እትዬ ታደለች የእሳቸውን ማንም እንዲይዝላቸው አልፈቀዱም። ከማሰሮዋ አውጥተው፣ ሥሯን አራግፈው፣ እሳቱ ላይ አስቀመጧት እንጂ አልጣሏትም። ከዚያ እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ።

«ሁሉም ተቃጥሏል?» አለች ምሕረት።

«ሁሉም» አልኩ።

«የእኔ ገሱባ ነች» አለ ወንጌላዊ ማቴዎስ።

እኔ ያልደረስኩባት ናሙና! በቆምኩበት የቅርጫውን ቀን አስታወስኩ። ለወንጌላዊው የደረሰው፣ አሮጌው የዛፍ ቅርፊት የተጣበቀባት፣ ዕጣው ሲወጣ «ቆሻሻ ደረሰህ» ብለን የሳቅንበት ቁራጭ ነው። ቅርፊቱ ያለው በተክሉ ዳር ላይ ብቻ ነበር፤ እኔም መቁረጥ የጀመርኩት ከዚያ ዳር ነው። ቢላዋው ሌላ ተክል ሳይነካ የተቆረጠች የመጀመሪያዋ ቁራጭ ናት። ሲመጣጠንም ሁሉም «ይቺ ልክ ናት» ስላሉ አልተነካችም። በጥፍር መቁረጫዬ ደግሞ ሚኒባሱ ስለተበላሸ አልደረስኩባትም። ትጋቴን ሁሉ ብቆጥረው፣ ለዚያች ተክል የጠቀምኳት ባልደረስኩበት ጊዜ ብቻ ነው።

ያንኑ ቀን በሀብቴ ፒክአፕ ገሱባ ሄድን። እትዬ ታደለች ከፊት፤ እኛ ከኋላ አቧራ እየጠጣን። የወንጌላዊው እህት ወይዘሮ ብርቅነሽ ተክሏን ከላይ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ጓሮዋ ላይ ሰቅላታለች። ምሕረት የቀራትን ስትሪፕ አወጣች። ሁላችንም እጃችንን ወደ ኪሳችን ከተትን፤ ማንም ቅጠሏን አልዳሰሰም።

አንድ መስመር። ቆየን። አንድ መስመር።

ወይዘሮ አስቴር አብራን አልነበረችም፤ እልልታ አልተሰማም።

«አንድ ጊዜ አይበቃም» አለች ምሕረት። «ቫይረሱ ገና ትንሽ ከሆነ ላይታይ ይችላል። ሌላ ስትሪፕ እልካለሁ፤ በሚያዝያ ይደገማል። በአዲስ ምላጭ!» ይህን ስትል እኔን ነበር የምታየው።

በሚያዝያ ተደገመ። አንድ መስመር ነው።

«እንግዲህ ይውሰዷት እትዬ» አለች ወይዘሮ ብርቅነሽ ጀሪካኑን እያወረደች። «የእርስዎ ናት። እኔ ሳጠጣት ብቻ ነው የኖርኩት።»

እትዬ ታደለች ጀሪካኑን ተቀብለው ውስጡን ተመለከቱ። ቅርፊቱን በጣታቸው ሊነኩት ዘርግተው መለሱት።

«እኔ ሰፈር ቢላዋ ይበዛል» አሉ።

ከዚያ ወይዘሮ ብርቅነሽን ቃጫ እንድትሰጣቸው ጠየቁ። ተክሏን በጓሮው ካለው ዋንዛ ላይ፣ ሁለት ቅርንጫፍ በሚገናኝበት ቦታ፣ ከነአሮጌው ቅርፊቷ አሰሯት። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሌላ ነገር እንድይዝ አልተፈቀደልኝም።

በግንቦት መጨረሻ ወይዘሮ ብርቅነሽ ደወለች። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከእትዬ ታደለች ጋር ሄደን አየን። ዋንዛው ላይ አራት ቢጫ አበቦች አሉ።